በማጅራቴ ድንጋይ፣ በአፌ ብርሃን

ሐዘን የገባበት ሰው ዝም ይላል ይባላል። አትመኑ። ዝም የሚሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ሌሎቻችን ሥራ እንፈልጋለን። አንዱ ከአርባው ማግሥት ጀምሮ ከወንድሙ ጋር የድንበር ክስ ያነሣል። አንዱ የማያፈሰውን ጣሪያ ቆርቆሮ ነቅሎ እንደገና ይመታል። ዕድሜውን ሙሉ የረቡዕን ጾም ዘንግቶ የኖረ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ባሕታዊ ይሆንና ጎረቤቱን እንቁላል በላህ እያለ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣዋል። ሰው ግን አይፈርድባቸውም። "ሐዘንተኛ ነው፣ ተዉት" ይላል። ይህች "ተዉት" የምትባል ቃል እንዴት ያለች ፈቃድ መሰለቻችሁ። ከመታወቂያ ትበልጣለች። በእሷ የማይገባበት ቤት የለም።

እኔም በዚህች ፈቃድ ተጠቅሜ ሊቅ ሆንሁ።

ሊቅ ስላችሁ ቤተ ልሔም ገዳም ወርዶ ድጓ ያስመሰከረ፣ ወይም ከከተማ ጥቁር ካባ ለብሶ ተመርቆ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ወር የጥገና ሥልጠና ወስጃለሁ፤ አንዱን ወር ታምሜ አልተማርሁም። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምበት ሱቅ አለኝ። የስልክ ስክሪን እቀይራለሁ። ሊቅ የሆንሁበት ጉዳይ ብርሃን ነው። በተለይም፣ የሚሽከረከር አካል ስበት የብርሃንን ጎን እንዴት እንደሚያዞር።

አትሂዱ። ቀላል ነው፤ ለእኔ የገባ ነገር ለማንም ይገባል።

የስልክ ስክሪን ላይ ፖላራይዘር የሚባል፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ላስቲክ ተለጥፏል። ፀሐይ ሲያቃጥለው ይጠቁራል። እኔ አሮጌውን ልጬ፣ ሙጫውን ጠርጌ፣ አዲሱን እለጥፋለሁ። ታዲያ አግድም መሆን ያለበትን ሽቅብ አድርጌ ከለጠፍሁት፣ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ይሆንና የደንበኛው የሰርግ ፎቶ ሰይጣን የመረቀው ይመስላል። ምክንያቱም ብርሃን ሲሄድ ዝም ብሎ አይሄድም፤ ወደ ጎን እየተርገበገበ ነው የሚሄደው። ቀንበር የያዘ ገበሬ አስቡ። ቀንበሩን አግድም ይዞ በጠባብ በር አይገባም፤ ሽቅብ ካቆመው ይገባል። ፖላራይዘር ያ በር ነው። የቀንበሩ አያያዝ ደግሞ እኔ የብርሃን ጎን የምለው ነው። የተማሩት ፖላራይዜሽን ይሉታል። እኔ ጎን ማለት ይቀለኛል።

እስከ ሰኔ ድረስ ይህን የማውቀው ለእንጀራዬ ያህል ነበር።

በሰኔ ልጃችን ሞተች። አምስት ዓመቷ ነበር። ሦስት ቀን አተኮሳት፤ በአራተኛው አልነቃችም። ከዚህ በላይ መናገር ያን ጊዜ አልችልም ነበር። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻም ይኸው ነው።

ከአርባዋ በኋላ ሱቄን ከፈትሁ። የአንድ ደንበኛ ስልክ ስክሪን ቀየርሁና ቀለሙን ልሞክር ብዬ ስልኩ ላይ ያገኘሁትን ቪዲዮ ነካሁ። መነጽር ያደረገ አስተማሪ በአማርኛ ስለ ከዋክብት ይናገራል። ከባድ ነገር በአጠገቡ የሚያልፈውን ብርሃን መንገድ ያጎብጠዋል፤ ይህ የታወቀ ነው አለ። ከባዱ ነገር የሚሽከረከር ከሆነ ግን በዙሪያው ያለውን ባዶ ቦታ ራሱን ይዞ ይጎትተዋል፤ በዚያ የሚያልፍ ብርሃንም መንገዱ ብቻ ሳይሆን ጎኑም ይዞራል አለ። መፍቻዬን አስቀመጥሁ። ሰማይ ላይ ያለ ኮከብ የእኔን ሥራ ይሠራል ማለት ነው፤ ያውም ያለ ሙጫ።

ቪዲዮው ሃያ አራት ደቂቃ ነው። እስከ አሥራ አንደኛው ደቂቃ አየሁት። በነጋታውም እስከ አሥራ አንደኛው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ግን እስከ አሥራ አንደኛው ነው። በዚህች ግማሽ እውቀት እስቴን ማስተማር ጀመርሁ።

በእኛ አገር ሰው ሚሞሪውን ይዞ ይመጣና መዝሙር ጫንልኝ፣ ዘፈን ጫንልኝ ይላል። እጭናለሁ። ከመዝሙሩ ጋር ግን ያን ቪዲዮ ሳላስፈቅድ እጨምርለት ጀመር። ምርቃት ነው ብዬ። አንዲት እናት ለልጇ ሰርግ ዘፈን አስጭና ሄደች። ስልኩ ከድምፅ ማጉያው ጋር ተገናኝቶ፣ ዳሱ ሙሉ ሰው እስክስታ ሲመታ፣ ከሦስተኛው ዘፈን ቀጥሎ "አሁን ደግሞ አንድ የሚሽከረከር አካል እንውሰድ" የሚል ድምፅ ወጣ። የሰዉ ትከሻ አየር ላይ ቀረ አሉ። ሴትየዋ በማግሥቱ ልትጣላኝ መጣች። በሬ ላይ ቆማ ጥቁር ልብሴን አየች፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ "ተወው እንግዲህ" ብላ ተመለሰች። ያች ፈቃድ ሠራች።

ያልሠራችው ቤቴ ውስጥ ነው።

ባለቤቴ ታንጉት ልጇን በወጉ ነው ያለቀሰች። ደረቷን መታች፣ ፀጉሯን ተላጨች፣ ስታለቅስ ስሟን እየጠራች አለቀሰች። ከእኔ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስለ ልጃችን አብሬያት እንዳወራ። እኔ ግን ከቀብሩ ወዲህ የልጄን ስም አንድ ቀን አልጠራሁም። ታንጉት ራት ላይ "ሽሮውን በጣቷ ስትልስ ትዝ ይልሃል?" ትለኛለች። እኔ "ብርሃን እኮ" ብዬ እጀምራለሁ። አሁን ስጽፈው እኔኑ ያሳፍረኛል። ያን ጊዜ ግን ትልቅ ነገር የምነግራት ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም እሷም ታውቀው ብዬ ቪዲዮውን ስልኳ ላይ ጫንሁላት። አንድ ባል ለሐዘንተኛ ሚስቱ ከዚህ የባሰ ስጦታ ሰጥቶ እንደሆነ ንገሩኝ።

በመስከረም "ለመስቀል አባቴ ቤት ደርሼ ልምጣ" ብላ ወደ ስማዳ ሄደች። መስቀል አለፈ። ጥቅምት አለፈ። ደወልሁላት።

"ስሟን ጥራና እመጣለሁ" አለችኝ።

"ኔትወርኩ ተቆራረጠ" አልኋት።

አልተቆራረጠም። እሷም ታውቃለች። የስልክ ባለሙያ ኔትወርክ ተቆራረጠ ብሎ ሲዋሽ፣ ቄስ በዓሉን ረሳሁት እንደ ማለት ነው።

ኅዳርም አለፈ። ከዚህ በላይ ከቆየች እንደማትመለስ ገባኝ። ማንም አልነገረኝም፤ የቤቱ ዝምታ ነገረኝ። ሽማግሌ ለመንሁ። አንደኛው የደብራችን መሪጌታ ናቸው፤ ቤተ ልሔም ዓመታት የቆዩ፣ የልጃችንንም ፍትሐት ያደረሱ፣ እኔ የኔታ የምላቸው። ሁለተኛው አያ ሞላ፣ የእድራችን ሰብሳቢ፤ ሰው ሲያስታርቅ ከሚያስታርቀው ይልቅ የሚሳደበው የሚበዛ፣ ግን የሚሳካለት ሰው ነው። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ በጭነት መኪና ላይ ተጭነን ወደ ስማዳዋ ከተማ ወደ ወገዳ ተነሣን። የመንገዱን ነገር አልነግራችሁም። ስንደርስ ሦስታችንም አንድ ዓይነት መልክ ነበረን፤ አቧራ ቀባብቶን። ከወገዳ ወዲያ ሁለት ሰዓት በእግር ነው።

የኔታ በመቋሚያቸው መንገዱን እየመቱ መከሩኝ።

"ስማ አንተ። ድንጋይ ትሸከማለህ። ጎንበስ ትላለህ። 'አጥፍቻለሁ፣ ስለ ማርያም' ትላለህ። ሦስት ቃል። አራተኛ ቃል ከአፍህ ከወጣ እኔ ተመላሽ ነኝ።"

"እሺ የኔታ።"

"ኮከብ የሚባል ነገር እንዳታነሣ" አለ አያ ሞላ።

"አላነሣም።"

"ማል።"

"የኔታ ባሉበት እንዴት እምላለሁ?"

"አዩ፣ ገና ሳይደርስ ማምለጫ ያበጃል" አለ አያ ሞላ ለየኔታ።

የታንጉት አባት አያ አለበል ይባላሉ። አውድማ ላይ ነበሩ። ገብስ እያበራዩ ነው፤ አራት በሬዎች ነዶው ላይ ክብ እየሠሩ ይዞራሉ፣ እሳቸው አርጩሜ ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። ታንጉት ከአውድማው ዳር፣ ከገለባው ክምር አጠገብ የጠላ ጋን ይዛ ተቀምጣለች። አየችኝ። አልተነሣችም። ፀጉሯ ጣት ያህል አድጓል።

ለማታውቁት፣ የእኛ ይቅርታ እንዲህ ነው። አጥፊው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ሽማግሌዎቹ ይናገሩለታል። የተበደለው ወገን ልቡ ሲራራ "አውርድ" ይላል። ያን ጊዜ ድንጋዩን ያወርዳል፣ ጉልበት ይስማል፣ አለቀ። እስከዚያ ማውረድ የለም። ድንጋዩን የመረጠልኝ አያ ሞላ ነው።

"ትንሽ ቢያንስ" አልሁት።

"ጥፋትህን ነው የመጠንሁት" አለና ማጅራቴ ላይ ጫነው።

ጎንበስ አልሁ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ እግር ነው። የየኔታን ጫማ፣ የአያ ሞላን ጫማ፣ የበሬ ሰኮና፣ የአያ አለበልን የተሰነጠቀ ተረከዝ።

የኔታ ንግግራቸውን አሳመሩት። ከአዳምና ከሔዋን ጀምረው፣ በአብርሃምና በሣራ በኩል ወርደው፣ እኔ ጋ ሲደርሱ ድንጋዩ አጥንቴን አግኝቶት ነበር። አያ አለበል እስከ መጨረሻው ሰሙና ጥያቄ ጀመሩ። በሬዎቹን አላቆሙም፤ ልጄ የሚሉት ጎረቤት አርጩሜውን ተቀብሏቸው ይነዳል።

"መትቷታል?"

"የለም" አሉ የኔታ።

"ይጠጣል?"

"ጠላ እንኳ ከሁለተኛው ዋንጫ በላይ አይችልም" አለ አያ ሞላ፣ እንደ ነውር አድርጎ።

"ሌላ ሴት ይዟል?"

"ማን ትይዘዋለች?" አለ አያ ሞላ።

"ታዲያ ምን አድርጎ ነው ልጄ ሦስት ወር ሙሉ ስታለቅስ የምትውል?"

ሦስቱ ቃላት አፌ ላይ ደርሰው ነበር። አጥፍቻለሁ ልል ትንፋሼን ሳብሁ። የአያ አለበል ተረከዝ ግን ወደ እኔ ዞረ፣ ቀረበኝም፣ ድምፃቸው ከላዬ መጣ።

"እስቲ አንተው ተናገር። ያ 'ብርሃን ይዞራል' ትላለህ የሚሉት ነገር ነው?"

ፍረዱኝ። ጠየቁኝ። አምስት ወር ሙሉ ሰው ሳይጠይቀኝ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አንድ ሽማግሌ በገዛ አፋቸው፣ በገዛ አውድማቸው ጠየቁኝ። ሦስቱ ቃላት ወደ መጡበት ተመለሱ።

"አባቴ፣ በሬዎችዎን ይመልከቱ" አልሁ።

የየኔታ መቋሚያ መሬቱን አንድ ጊዜ መታ። አልተውሁም። በሬዎቹ ሲዞሩ ዳር የወደቀውን ገለባ ይዘው እንደሚያዞሩት ነገርኋቸው። አግድም የወደቀ አገዳ ነበር፤ በሬዎቹ አጠገቡ ሲያልፉ አቅጣጫው ተለውጦ ሰያፍ ሆኗል። የሚሽከረከር ኮከብም በዙሪያው ያለውን ባዶ ቦታ እንደዚሁ ይዞ ያዞረዋል፤ ብርሃን በዚያ ሲያልፍ ጎኑ እንደ አገዳው ሰያፍ ይሆናል አልሁ።

"በሬው በሰኮናው ነው የሚያዞረው" አሉ አያ አለበል። "ኮከብ ሰኮና አለው?"

"የለውም።"

"በምን ይዞ ነው ታዲያ?"

"በስበት።"

"ስበት ማለት ምን ማለት ነው?"

"አሁን እኔን ወደ መሬት የሚጎትተኝ ነገር ነው።"

"እሱማ ድንጋዩ ነው" አለ አያ ሞላ።

"ዝም በል አንተ፣ ይንገረኝ" አሉት አያ አለበል።

ልብ አድርጉ። ሰውየው ነገሩ ጣማቸው። ነገሩ ስለጣማቸው አውርድ ማለቱን ረሱት። እኔም ነገሩ ስለጣመኝ አውርዱኝ ማለቱን ረሳሁት። መሬት ራሷም ስለምትሽከረከር ትንሽ ትጎትታለች፣ ግን መሬት ለዚህ ነገር እንደ ጥጃ ናት፣ አውድማ አታዞርም አልኋቸው። ሳቁ። ስለ ብርሃን የነገርሁት ሰው ሲስቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ ብዙዎቹ የሚስቁት ከሄድሁ በኋላ ነው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

"ያ ብርሃን ኮከቡን ካለፈውስ በኋላ? እንደ ዞረ ይቀራል ወይስ ይመለሳል?"

ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አመቻቸሁት።

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። መልሱ ምናልባት ከአሥራ አንደኛው ደቂቃ በኋላ ይሆናል። በሬዎቹ አንድ ዙር ዞሩ። ሁለተኛውን ጀመሩ። አንገቴ መንቀጥቀጥ ያዘ።

"ይመለሳል።"

ታንጉት ናት። እግሯን አየሁት፤ ከገለባው ተነሥታ መጥታ አባቷ አጠገብ ቆማለች። ጫማዋን አወቅሁት፣ እኔ ነኝ የገዛሁላት።

"አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?" አሉ አባቷ።

"ስልኬ ላይ ጭኖት ነው። ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ እስከ መጨረሻው። ምን እንዲህ እንዳነሆለለው ልወቅ ብዬ።" ለአባቷ ነው የምትናገረው፤ ለእኔ አይደለም። "ከሩቅ መጥቶ በአጠገቡ የሚያልፍ ብርሃን፣ ሲቀርብ የዞረውን ያህል ሲርቅ መልሶ ይቃናል። ሄዶ ሄዶ ምንም እንዳልነካው ይሆናል። ከዚያው ከሚሽከረከረው ነገር ሥር የተነሣ ብርሃን ግን አይመለስም። እንደ ዞረ ይቀራል።"

አያ አለበል ትንሽ አሰቡ።

"እንደ ለቅሶ ነው በይኛ" አሉ። "ለቀስተኛው መጥቶ ያለቅሳል፤ ወንዙን ሳይሻገር የበሬ ዋጋ ያነሣል። የቤቱ ሰው ግን..." አልጨረሱትም።

"አንተ መጨረሻውን አላየኸውም" አለችኝ ታንጉት። አሁን ለእኔ ነው።

"አላየሁም።"

"ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው የምታቆመው?"

"አሥራ አንደኛው።"

"እዚያ ላይ ምን አለ?"

ታውቃለች። ሦስት ጊዜ ያየች ሴት ምን እንዳለ ታውቃለች። የኔታም አያ ሞላም አያውቁም፤ ግን ጫማቸው አንድ እርምጃ ወደ እኔ ቀረበ።

"አስተማሪው ሁለት ቁራጭ ፖላራይዘር ያወጣል" አልሁ። "አንዱን በአንዱ ላይ ያደርግና ያዞረዋል። ይጨልማል። መልሶ ያዞረዋል። ይበራል።"

"እሺ?"

"እሺ፣ ህሊናም..."

ስሟ ይኸውላችሁ። ህሊና ነው። ከቀብሯ ወዲህ መጀመሪያ የጠራሁት እዚያ አውድማ ላይ ነው፤ መጥራቴንም ያወቅሁት ከጠራሁት በኋላ ነው።

"ህሊናም እንደሱ ትጫወት ነበር። ከምቆርጠው ላይ የተረፈ ሁለት ቁራጭ ይዛ ሱቁ በር ላይ ትቀመጣለች። ዓይኗ ላይ ደርባ ታዞረዋለች። 'አባቴ መሸ' ትለኛለች። 'እሺ፣ ደህና እደሪ' እላታለሁ። 'አባቴ ነጋ' ትላለች። 'እንዴት አደርሽ' እላታለሁ። በቀን ሃምሳ ጊዜ ይመሻል፣ ሃምሳ ጊዜ ይነጋል። አንድ ቀን ሱቁ ሰው በዝቶ ነበር። መሸ አለችኝ። ሥራ አስፈታሽኝ ብዬ ቀማኋት። መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። ነገ እሰጥሻለሁ አልኋት። በነጋታው አተኮሳት።"

ከዚህ በኋላ በወንድ ወግ፣ በክብር አለቀስሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ። ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ያጎነበሰ ሰው እንባው በጉንጩ አይወርድም። በአፍንጫው ጫፍ ነው የሚንጠባጠብ። ከንፍጡ ጋር ተባብሮ። ስበት ለሐዘንተኛ አያዳላም። ገለባው ላይ ሲንጠባጠብ አየሁት።

በሬዎቹ ራሳቸው ቆመው ነበር፤ የሚነዳቸው ጎረቤት ወደ እኛ እያየ አርጩሜውን ዘቅዝቆታል።

"አባየ" አለች ታንጉት። "ድንጋዩ።"

"እ?" አሉ አያ አለበል። "አዎ፣ አዎ። አውርድ እንጂ ልጄ፣ ምን ነካህ?"

ምን ነካህ አሉኝ።

አወረድሁት። አንገቴ ግን ቀና አልል አለ፤ እንደ ጎበጥሁ የታንጉትን ፊት ከታች ወደ ላይ አየሁት። እሷም ታለቅሳለች። ያ የድሮው ለቅሶዋ ግን አይደለም። ነጠላዋን ሰጠችኝ። አፍንጫዬን ጠረግሁበት፣ ጭራሽ የእሷ ነጠላ ላይ።

"ሦስት ቃል ብየህ ነበር" አሉኝ የኔታ።

"ይቅር ይበሉኝ የኔታ፣ ብዙ ተናገርሁ።"

"ብዙ መናገርህ አይደለም ያሳዘነኝ። ሦስቱን አልተናገርኻቸውም።"

እውነታቸውን ነው። ወደ ታንጉት ዞሬ "አጥፍቻለሁ፣ ስለ ማርያም" አልኋት። እሷም "መሳቢያውን ሳላይ መሰለህ?" አለችኝ። ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ከፍታው ኖሯል። ቁራጮቹን አገኘቻቸው። እኔ እንድነግራት ትጠብቅ ነበር። አምስት ወር ሙሉ እኔ ስለ ሰማይ ስናገር፣ እሷ ስለ መሳቢያ እስክናገር ትጠብቃለች።

ሽማግሌዎቹ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ፣ በማግሥቱ ወደ እስቴ ተመለሱ። ታንጉት ግን ውቂያው ሳያልቅ አልሄድም አለች፤ አባቷ ሰው አጥተዋል። ስለዚህ እኔም ቀረሁ። ዘጠኝ ቀን በሬ ነዳሁ። የእኔን አነዳድ ያየ ሰው፣ በሬዎቹ እኔን ይነዱኛል ይል ነበር፤ አልተሳሳተም። አያ አለበል "ሊቁ፣ ወደ ግራ ነው" ይሉኛል። "ሊቁ፣ ኩበቱ እህሉ ላይ ሳይወድቅ ተቀበለው።" እጄን ዘርግቼ እቀበላለሁ። ሊቅነቴ እዚያ ላይ ነው የተመሰከረልኝ።

ታንጉት ዳር ላይ ትቀመጣለች። በአጠገቧ ባለፍሁ ቁጥር ስለ ህሊና አንድ ነገር ትወረውርልኛለች። "ጫማዋን ግራና ቀኙን አዛብታ ካላደረገች አትሄድም ነበር።" በሬዎቹ ይወስዱኛል። አንድ ዙር ሙሉ አስባለሁ። ስመለስ የእኔን እነግራታለሁ። "የኔታን አባ ዣንጥላ ነበር የምትላቸው።" "እሳቸው ምን ይሏት ነበር?" ስትለኝ አልፌያታለሁ፤ መልሱን በሚቀጥለው ዙር ነው የምትሰማው። "አቤት ነበር የሚሏት።" ለአንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ዙር አስፈልጎኛል። ለአንዱ ግማሽ ቀን። በሬዎቹ አይቸኩሉም። በቤታችን፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ራት መሐላችን አድርገን ያልቻልነው ነገር፣ እየዞርሁ ቻልሁት። ምክንያቱን አላውቅም። አስተማሪውም አላነሣውም።

እህሉ የገባ ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ገለባው ላይ ተቀምጠን ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ጀምረን፣ የቀሩትን አሥራ ሦስት ደቂቃዎች ጭምር አብረን አየነው። አሥራ አንደኛው ላይ ስንደርስ እጄን ያዘችኝ። አለፍነው። አስተማሪው ታንጉት ያለችውን ሁሉ አለ። በመጨረሻም መነጽሩን አውልቆ፣ ይህ ነገር በስሌት የተገኘ ነው እንጂ፣ መጠኑ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በመሣሪያ በእርግጠኝነት የለካው ሰው እስካሁን የለም አለ።

ታንጉት ወደ እኔ ዞረች።

"አምስት ወር ሙሉ ያልተለካ ነገር ነው ስታስተምር የኖርኸው?"

"እንደሱ ነው የሚመስለው።"

"በሰው ሰርግ ላይ ሳይቀር።"

"በሰው ሰርግ ላይ ሳይቀር።"

ሳቀች። አያ አለበል ከቤት ወጥተው ምን ሆናችሁ አሉን። ምን እንደሆንን ለማስረዳት ስላቃተን ዝም ብለን ሳቅን።

አሁን መካነ ኢየሱስ ነን። ሚሞሪ ላይ ቪዲዮውን መጫን ትቻለሁ። የሚገርመው፣ ሰው ይጠይቀኝ ጀምሯል። ያች የሰርጓ እናት ራሷ መጥታ "የዚያ ሰውዬ ነገር መጨረሻው ምን ሆነ?" አለችኝ። መጨረሻውን እነግራቸዋለሁ፤ አንድ ደቂቃም አይፈጅም። ከዚያ ስለ ህሊና እጀምርላቸዋለሁ። እንዴት ትናገር እንደነበር፣ ምን ትጠላ እንደነበር፣ የሱቁን ቁልፍ ሽሮ ድስት ውስጥ ደብቃ እኔን እንዴት ቀኑን ሙሉ እንዳሠቃየችኝ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ስለ ራሱ ልጅ ይነግረኛል። አንዳንዱ ደግሞ ሰዓቱን ያያል፣ በሩን ያያል፣ መኪና ሊያመልጠኝ ነው ይልና ስልኩን ሳላስተካክልለት ይዞት ይወጣል።

አልቀየመውም። እኔም ብሆን እወጣ ነበር።